ሴንሰርን ከሌዘር በሊኩዊድ ክሪስታል መከላከል፦ ከመስታወት አጠባ እስከ ሙከራ

ሌዘር ባለበት ቦታ በካሜራ የምትሰሩ ከሆነ፣ ላብ ውስጥም ይሁን መቁረጫ ማሽን አጠገብ ወይ መድረክ ላይ፣ አንድ ነገር ከሁሉ ቀድማችሁ እወቁ፦ ሴንሰሩን የሚገድለው የሌዘሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ የራሳችሁ ሌንስም ነው። ሂሳቡን እንየው። 25 ሚሊሜትር የሆነ ኤፍ 2 ሌንስ መግቢያው 12.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ በዛ የገባ ትይዩ ጨረር ሴንሰሩ ላይ 10 ማይክሮን በምታክል ነጥብ ይሰበሰባል፣ የሁለቱን ዲያሜትሮች ካሬ ስታካፍሉ 1.5 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይመጣል። 5 ሚሊዋት የሆነች ተራ ፖይንተር ሙሉ በሙሉ ሌንሱ ውስጥ ከገባች ነጥቧ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 6 ኪሎዋት ገደማ ትደርሳለች ማለት ነው፣ የቀትር ፀሐይ ራሷ ያለ ሌንስ በካሬ ሴንቲሜትር 0.1 ዋት ብቻ ናት።

ሊኩዊድ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ እየፈሰሰ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል የሚደረደሩ ቁስ) እዚህ ጋ በጣም ይጠቅማል፣ ግን ብዙ ሰው አንድ ሸተር (ብርሃን የሚዘጋ መዝጊያ) ገጥሞ "ተጠበቀ" ብሎ ያርፋል፣ ይሄ ልክ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌዘሩ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይጎዳል የሚለው ነው፣ መልሱ የትኛውን አይነት ሊኩዊድ ክሪስታል እንደምትጠቀሙ ይወስነዋል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ንብርብር ያስፈልጋል። ከታች ሁለቱን በእጅ የሚሰሩ ንብርብሮች በደንብ አሳያችኋለሁ፣ ሶስተኛውን ግን ባጭሩ ነው የማልፈው ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚሰራ ነገር አይደለም።

ከመጀመራችን በፊት፦ እዚህ የምንሰራው ለካሜራ ነው እንጂ ለአይን አይደለም። በራሳችሁ የሰራችሁትን ፊልተር አይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌዘር እንዳታዩ፣ በጭራሽ። ለአይን በሞገድ ርዝመቱ ልክ የተመሰከረለት የሌዘር መነጽር አለ፣ ስትሰሩም እሱን አድርጋችሁ ነው የምትሰሩት።

ደረጃ 1፦ ሌዘሩን እወቁት

ሶስት ነገር ጻፉ፦ የሞገድ ርዝመቱን፣ ተከታታይ ነው ወይስ ፐልስ (በአጭር ብልጭታ የሚመጣ)፣ ከየት አቅጣጫ ሊመጣ እንደሚችል። አረንጓዴ ፖይንተር ከሆነ 532 ናኖሜትር ነው ብላችሁ አትቁሙ፣ እነዚህ ሌዘሮች ውስጣቸው በ808 ናኖሜትር ዳዮድ ተገፍቶ 1064 ናኖሜትር ያመነጭና እሱ ነው ወደ 532 የሚቀየረው፣ ርካሾቹ የኢንፍራሬድ ፊልተር ስለሌላቸው 808ም 1064ም አብሮ ይወጣል። ይሄን ያዙት፣ ደረጃ 6 ላይ ዋጋ ያስከፍላል። የርቀት መለኪያ ሊዳር ደግሞ አንዳንዱ 1550 ናኖሜትር ላይ ነው የሚሰራው፣ ለአይን የተሻለ የሚባለው የአይን ፊተኛው ክፍል ስለሚውጠው ነው፣ የካሜራ ሌንስ ግን መስታወት ስለሆነ ያሳልፈውና ሴንሰሩ ላይ ይሰበስበዋል፣ ስለዚህ "ለአይን ደህና ነው" የተባለ ሁሉ ለካሜራ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ በጊዜ ምረጡ

የሞገድ ርዝመቱ ከታወቀና ካልተቀየረ ሁሌም ቦታው ላይ ያለ፣ መብራትም ማብሪያም የማይፈልግ፣ የሌዘሩን ቀለም ብቻ ወደ ኋላ የሚመልስ መስታወት ይሻላል፣ እሱ ኮሌስቴሪክ ነው፣ ደረጃ 4 ላይ አለ። የሞገድ ርዝመቱ ካልታወቀና ሌዘሩ ተከታታይ ከሆነ በቮልቴጅ የሚዘጋ ሸተር ነው የሚያስፈልገው። ሌዘሩ ናኖሰከንድ ፐልስ ከሆነ (ኪውስዊች የሆነ የያግ ሌዘር ፐልሱ 10 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው) የትኛውም በቮልቴጅ የሚሰራ ሸተር የመጀመሪያውን ፐልስ አይይዝም፣ ሞለኪውሎቹ መዞር ሳይጀምሩ ፐልሱ አልፏል።

የሸተሩን ፍጥነት ቀድማችሁ መገመት ትችላላችሁ። ሊኩዊድ ክሪስታል ቮልቴጁ ሲጠፋ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ 5ሲቢ ለሚባለው የተለመደ ሊኩዊድ ክሪስታል በ5 ማይክሮን ውፍረት ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሱ ጊዜው ሩብ ይሆናል። ቮልቴጅ ሲሰጠው የሚዞርበት ጊዜ ግን ሌላ ነው፣ የሰጣችሁትን ቮልቴጅ ለመነሻ ቮልቴጁ (1 ቮልት አካባቢ ነው) ታካፍሉና ካሬ ታደርጉታላችሁ፣ 1 ትቀንሱና የመመለሻ ጊዜውን በሱ ታካፍላላችሁ። በ15 ቮልት 30 ሚሊሰከንድ ሲካፈል 224 ነው፣ 0.13 ሚሊሰከንድ ገደማ። ግምት ነው ግን መንገዱን ያሳያል፦ በቮልቴጅ መዝጋት ፈጣን ነው፣ መክፈት ቀርፋፋ ነው፣ ለኛ ደግሞ የሚያስፈልገው በትክክል ይሄ ነው። በ0.13 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ5 ሚሊዋት ሌዘር የሚገባው 0.65 ማይክሮጁል ብቻ ነው።

ከዚህ የሚመጣ ትልቅ ውሳኔ አለ። ሸተሩን ቮልቴጅ ሳይኖር ክፍት፣ ቮልቴጅ ሲኖር ጨለማ አድርጋችሁ ነው የምትሰሩት፣ ማለትም ሊኩዊድ ክሪስታሉን ከፊትና ከኋላ የሚያቅፉት ሁለቱ ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ፊልሞች) በ90 ዲግሪ ተሻጋሪ ይሆናሉ። ጉዳቱ መብራት ከጠፋ ሸተሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ካሜራው ስራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ መካኒካል ክዳን የግድ ነው። በተቃራኒው ብትሰሩት መብራት ሲጠፋ ይዘጋል፣ ደስ ይላል፣ ግን የሚዘጋው በቀርፋፋው መንገድ በአስር ሚሊሰከንዶች ነው፣ እኔ ፍጥነቱን ነው የምመርጠው።

ደረጃ 3፦ ሴሉን መስራት

ሴል ማለት ሊኩዊድ ክሪስታሉ የሚገባበት የሁለት መስታወቶች ጠባብ ክፍተት ነው። የሚያስፈልጋችሁ አይቲኦ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ግልጽ ሽፋን) የተቀባ መስታወት፣ ፒቪኤ ወይም ፖሊኢማይድ (ሞለኪውሎቹን የሚያስተኛ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን)፣ ከፋይ ጨርቅ፣ 4.5 ወይ 5 ማይክሮን የሆኑ ስፔሰር ኳሶች፣ በዩቪ የሚደርቅ ሙጫ፣ ሆትፕሌት፣ ፖላራይዘር ፊልም፣ እና ሊኩዊድ ክሪስታሉ ነው። 5ሲቢ ለሂሳብ ጥሩ ነው ግን ኔማቲክ (ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ የሚሰለፉበት ሁኔታ) የሚሆነው ከ24 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፣ ካሜራ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ወዲያው ከጥቅም ውጪ ይሆናል፣ ስለዚህ ኢ7 የሚባለውን ቅልቅል ያዙ፣ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። ከ5ሲቢ ዝልግልግ ስለሚል ትንሽ ይዘገያል፣ ያም ሆኖ ጥሩ ነው። ብዙም መግዛት አያስፈልግም፣ 2 በ2 ሴንቲሜትር የሆነ 5 ማይክሮን ሴል የሚወስደው 2 ማይክሮሊትር ብቻ ነው።

መስታወቱን በሳሙና ውሃ፣ ከዛ በዲስቲልድ ውሃ፣ ከዛ በአሴቶን፣ መጨረሻ ላይ በአይሶፕሮፓኖል እጠቡት፣ ጓንት አድርጉ፣ በጠርዙ ብቻ ያዙት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ እባካችሁ፣ 5 ማይክሮን ክፍተት ውስጥ 20 ማይክሮን የሆነ አንድ አቧራ ከገባ ሴሉ በሙሉ ጠማማ ነው የሚሆነው፣ የሚበላሹት ሴሎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ጥሩ መታጠቡን ለማወቅ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ ኳስ ሳይሰራ ከተዘረጋ ንጹህ ነው።

ቀጥሎ ፒቪኤ በውሃ 1 ወይም 2 በመቶ አሟሙታችሁ አይቲኦው ባለበት ፊት ላይ ስፒን ኮት አድርጉት (መስታወቱን እያሽከረከራችሁ በስሱ እንዲዘረጋ)፣ 3000 ዙር በደቂቃ ለ30 ሰከንድ ይበቃል፣ ከዛ 100 ዲግሪ ላይ አድርቁት። የትኛው ፊት አይቲኦ እንዳለው በመልቲሜትር ለኩ፣ ኦም የሚያሳየው እሱ ነው። ከደረቀ በኋላ በከፋይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ እሹት፣ ወደፊት ብቻ፣ ወደኋላ መመለስ የለም። ሞለኪውሎቹ የሚተኙት በዚህ እሸታ መስመር ነው። አቅጣጫውን ጠርዙ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ አለበለዚያ ሁለቱ መስታወቶች ሲገጣጠሙ ይጠፋችኋል።

ለሸተሩ ሁለቱን መስታወቶች እሸታቸው 90 ዲግሪ እንዲሻገር አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ለኮሌስቴሪኩ ደግሞ ትይዩ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ። ሽቦ የሚያያዝበት ጠርዝ እንዲተርፍ ትንሽ አንሸራትታችሁ ነው የምትገጥሙት። ስፔሰሩን ሙጫው ውስጥ ቀላቅላችሁ በሁለት ጎን ብቻ ቀቡ፣ ሁለቱን ጎን ለመሙያ ክፍት ተዉ፣ እኩል ጫን አድርጋችሁ በዩቪ አድርቁት።

ባዶ እያለ ውፍረቱን ለኩ፣ ሲሞላ አይቻልም። ስፔክትሮሜትር ካላችሁ ብርሃን አሳልፉበትና ማዕበል የመሰለውን መስመር እዩ፣ ሁለት ተከታታይ ጫፎች 500 እና 526 ናኖሜትር ላይ ከሆኑ ሁለቱን አባዙና ለልዩነታቸው እጥፍ አካፍሉ፣ 5058 ናኖሜትር ይወጣል፣ 5 ማይክሮን ማለት ነው። ጫፎቹ ከቦታ ቦታ ከተቀያየሩ ሴሉ እኩል አይደለም፣ ሌላ ስሩ።

ሙሌቱ ቀላል ነው። ሴሉንም ኢ7ኑንም ከ60 ዲግሪ በላይ አሙቁ፣ ክፍት ጠርዙ ላይ ጠብታ አድርጉ፣ ራሱ ይሳባል። ከዛ በጣም ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ መጨረሻ ላይ ጠርዞቹን በሙጫ ዝጉ። ለሸተሩ ኢ7 ውስጥ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ጠማዛዥ የሆነውን አር811 ወይ ኤስ811 ጨምሩበት (ሁለቱንም አይደለም፣ አንዱን)፣ ካልጨመራችሁ ግማሹ ቦታ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ይጠመዘዝና መሃላቸው ብርሃን የሚያሾልክ መስመር ይቀራል።

ውፍረቱን በተመለከተ፦ ለ532 ናኖሜትርና ለኢ7 ክፍት ሲሆን በደንብ የሚያሳልፈው ወደ 2 ማይክሮን ወይም ወደ 4.5 ማይክሮን ሲሆን ነው። 2 ማይክሮን በጣም ፈጣን ነው ግን በእጅ እኩል አድርጎ መስራት ይከብዳል። 4.5 ወይ 5 ተጠቀሙ። ደግሞ ጥሩ ዜናው፣ ጨለማው የሚመጣው ቮልቴጅ ሞለኪውሎቹን ቀጥ አድርጎ ስላቆማቸው ስለሆነ ትንሽ የውፍረት ስህተት ክፍት ሲሆን ያለውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ሲዘጋ ያለውን ጨለማ ብዙም አይነካውም።

ደረጃ 4፦ ኮሌስቴሪክ መስታወት

ይሄ የኔ ተወዳጅ ክፍል ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ራይኒትዘር እ.ኤ.አ. በ1888 ኮሌስቴሪል ቤንዞኤት ሲያሞቅ በ145.5 ዲግሪ ደመናማ ፈሳሽ ሆኖ በ178.5 ዲግሪ ሲጠራ አየ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ብልጭ ሲል አስተዋለ፣ ያ ቀለም ዛሬ ሌዘር የምንመልስበት ነገር ነው። ሞለኪውሎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይደረደራሉ፣ የአንድ ሙሉ ዙር ርዝመት ፒች ይባላል፣ የሚመለሰው የሞገድ ርዝመት ፒቹ ሲባዛ በአማካይ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ቁሱ ብርሃንን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ነው። ለ532 ናኖሜትር ኢንዴክሱን 1.6 ብንል ፒቹ 333 ናኖሜትር መሆን አለበት። አር811 የመጠምዘዝ አቅሙ በማይክሮን 11 ገደማ ስለሆነ ኢ7 ውስጥ 27 በመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ከ25 በመቶ ጀምሩ፣ ስፔክትሮሜትር ላይ እዩት፣ ብዙ ስትጨምሩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ቀኝ ዞር ጠመዝማዛ የሚመልሰው ቀኝ ዞር ብርሃን ብቻ ነው፣ ፖላራይዝድ ካልሆነ ብርሃን ግማሹ ያልፋል፣ ስለዚህ አንድ ሴል በአር811 ሌላ ሴል በኤስ811 ሰርታችሁ ትደራርቧቸዋላችሁ። ሁለተኛ፣ ጨረሩ በጎን ሲመጣ የሚመለሰው የሞገድ ርዝመት ያጥራል፣ ከውጪ በ20 ዲግሪ ቢመጣ 532 ላይ የተስተካከለው ወደ 520 ይወርዳል። የሚመለሰው ባንድ ከ50 ናኖሜትር በላይ ስፋት ስላለው መሃሉን 545 አካባቢ አድርጉት፣ ያኔ ቀጥታውንም ጎኑንም ይሸፍናል። ውፍረቱ ቢያንስ 10 ፒች ይሁን፣ 5 ማይክሮን 15 ፒች ስለሆነ ይበቃል። ለዚህ ሴል አይቲኦ አያስፈልግም፣ ተራ መስታወት ይሆናል።

ይሄ ነገር በትልቅ ደረጃ የተሞከረ ነው፣ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኦሜጋ ሌዘር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሊኩዊድ ክሪስታል ሰርኩላር ፖላራይዘር ተጠቅሟል። ብርሃኑን የሚውጥ ሳይሆን የሚመልስ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም። ግን የተመለሰው ጨረር የሆነ ቦታ ይሄዳል፣ ወዴት እንደሚሄድ አስቡና ጥቁር ማገጃ አድርጉበት።

ደረጃ 5፦ ኤሌክትሮኒክሱ

ሊኩዊድ ክሪስታል ላይ ዲሲ አይሰጥም፣ አዮኖቹ (ውስጡ ያሉ ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች) ወደ አንድ ጎን ተጠራቅመው ሴሉን ያበላሹታል። 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ስኩዌር ዌቭ ነው የሚሰጠው። በጣም ቀላሉ መንገድ ሲዲ4070 የሚባለው ኤክስኦር ቺፕ ነው (ሁለት መግቢያዎቹ ሲለያዩ ብቻ 1 የሚያወጣ)፣ በ15 ቮልት ይሰራል። ክሎኩን (ያንን ስኩዌር ዌቭ) በቀጥታ ወደ አንዱ መስታወት፣ የክሎኩንና የመዝጊያ ሲግናሉን ኤክስኦር ወደ ሌላው መስታወት ስጡ። ሲግናሉ 0 ሲሆን ሁለቱ መስታወቶች እኩል ይሆናሉ፣ ሸተሩ ክፍት ነው፣ 1 ሲሆን ተቃራኒ ይሆናሉ፣ ሴሉ ላይ ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት ይፈራረቃል፣ ዲሲ የለም። ክሎኩ ግማሽ ለግማሽ እኩል መሆኑን ኦሲሎስኮፕ ላይ አረጋግጡ።

ሌዘሩን የሚያየው ፎቶዳዮድ ነው፣ ቢፒደብሊው34 ጥሩ ነው። ከሸተሩ ውጪ አድርጉት፣ ካሜራው የሚያየውን አቅጣጫ ሁሉ ይይ፣ እንዲያውም ትንሽ ሰፋ አድርጎ። ውሳኔውን በኮምፓሬተር (ሁለት ቮልቴጅ አወዳድሮ ወዲያው መልስ በሚሰጥ ቺፕ) አድርጉ፣ ኤልኤም311 ይበቃል። ማይክሮኮንትሮለር ሉፕ ውስጥ አናሎግ እያነበበ እንዲወስን አታድርጉ፣ ኮዱ ሌላ ስራ ላይ ሲሆን ሴንሰሩ ይቃጠላል። ማይክሮኮንትሮለር ካስፈለገ ለመቁጠርና ለመመዝገብ ብቻ ይሁን። ከኮምፓሬተሩ በኋላ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይዞ የሚያቆይ ታይመር ጨምሩ፣ የመድረክ ሌዘር ወዲያ ወዲህ ስለሚጠርግ በየጠረጋው መሃል ሸተሩ እየተከፈተ ቢጠብቀው ጥቅም የለውም።

ሴል ለመስራት ጊዜ የሌላችሁ አውቶማቲክ የብየዳ ማስክ ሌንስ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ውስጡ ያው ተመሳሳይ ሊኩዊድ ክሪስታልና ፖላራይዘር ነው፣ ብዙዎቹም በ1/25000 ሰከንድ ይጨልማሉ ተብለው ነው የሚሸጡት፣ የዩቪና የኢንፍራሬድ ፊልተርም አላቸው። ችግሩ ክፍት ሆነው ራሱ ጨለማ ናቸው፣ የጨለማ ደረጃው ሼድ 4 የሆነው ወደ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ምስሉም አረንጓዴ ይሆናል። ደማቅ ቦታ ለሚቆም የክትትል ካሜራ ይሄዳል፣ ለሌላ አይመከርም።

ደረጃ 6፦ ቅደም ተከተልና የኢንፍራሬዱ ቀዳዳ

ከውጪ ወደ ውስጥ፦ መጀመሪያ ሁለቱ ኮሌስቴሪኮች፣ ከዛ ኢንፍራሬድ የሚውጥ መስታወት፣ ከዛ ሸተሩ ከነፖላራይዘሩ፣ ከዛ ሌንሱ። ሁሉንም ሌንሱ ፊት አድርጓቸው፣ ጨረሩ ገና ሰፊ ስለሆነ አይጎዳቸውም።

ኢንፍራሬዱ ለምን መጣ? ተራው የፖላራይዘር ፊልም የሚሰራው ለሚታይ ብርሃን ነው፣ ወደ 800 ናኖሜትርና ከዛ በላይ ሲሄድ መሻገሩ ትርጉም ያጣል፣ ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፋል። የተዘጋ ሸተር አይናችሁ ላይ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ለ1064 ግን እንደ መስኮት ነው። ሲሊከን ሴንሰር ደግሞ 1064ን በትንሹ ስለሚያይ ምስሉ ላይ ብዙም ሳይታወቃችሁ ይጎዳል። ኬጂ5 አይነት ሙቀት የሚውጥ መስታወት ይህን ቀዳዳ ይዘጋል። አትዝለሉት።

ደረጃ 7፦ ለፐልስ ምን ይደረጋል

የሞገድ ርዝመቱ ከታወቀ ኮሌስቴሪኩ ፐልሱንም ይመልሳል፣ እሱ ፍጥነት አይፈልግም። የማይታወቅ ፐልስ ከሆነ ብርሃኑ ራሱ የሚያነቃው ቁስ ያስፈልጋል። በሁለት ሌንስ መሃል ላይ ፎከስ ትሰሩና እዛ ፎከስ ላይ ቁሱን ታስቀምጣላችሁ፣ ደካማ ብርሃን ያልፋል፣ ሃይለኛው ግን እዛው ይዋጣል ወይ ይበተናል። በዚህ ዘርፍ የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አይ ሲ ኩ ቀጫጭን ፋይበሮችን በሊኩዊድ ክሪስታል ሞልቶ ሴንሰር ለመጠበቅ የሰራው ስራ ይታወቃል፣ ቁሱ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በአንዴ ስለሚውጥ ሞለኪውል እስኪዞር መጠበቅ የለበትም። ቀለም የተጨመረባቸው ኔማቲኮችም አሉ፣ እነሱ በትንሽ ሃይል ይነቃሉ ግን ቀርፋፋ ናቸው፣ ለተከታታይ ሌዘር እንጂ ለናኖሰከንድ አይሆኑም።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

ውዱን ካሜራ መጀመሪያ አታስገቡ። በቦታው ሌላ ፎቶዳዮድ አድርጉና ኦሲሎስኮፕ ላይ አገናኙት፣ ከ1 ሚሊዋት ያልበለጠ ሌዘር ተጠቀሙ፣ ጨረሩ ከአይን ከፍታ በታች ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ማገጃ ይኑር፣ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ።

አራት ቁጥር መዝግቡ፦ ክፍት ሲሆን ስንት በመቶ ያልፋል (በፖላራይዘሩ ምክንያት ከግማሽ በታች ነው፣ 35 በመቶ ጥሩ ነው)፣ ሲዘጋ ስንት ያልፋል፣ ሌዘሩ ከበራ በኋላ ለመዝጋት ስንት ማይክሮሰከንድ ፈጀ፣ ለመክፈትስ። ሲዘጋ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ካላለፈ ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ካልበቃችሁ ሁለተኛ ሸተር ከኋላው ጨምሩ። የተዘጋውን ልኬት በ532 ብቻ ሳይሆን በቀይም በሰማያዊም ድገሙት፣ በጎንም አዘንብላችሁ ለኩት፣ ሊኩዊድ ክሪስታል በጎን ሲታይ ያሾልካል። ሴሉን አቀዝቅዛችሁም ለኩ፣ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ዝልግልግ ስለሚሆን መዝጊያው ይዘገያል፣ ካሜራው ብርድ ቦታ የሚቆም ከሆነ ሂሳብ ውስጥ የሚገባው ይሄኛው ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹ ከጠበቃችሁት ጋር ከተስማሙ ርካሽ ዌብካም አስገቡ። ከሙከራው በፊት ሌንሱን ሸፍናችሁ አንድ ጨለማ ምስል አንሱ፣ ከሙከራው በኋላ በዛው ኤክስፖዠርና በዛው ሙቀት ሌላ አንሱ፣ ሁለቱን ቀንሱ። አዲስ ነጭ ነጥብ ወይ መስመር ከታየ የሆነ ንብርብር አሳልፏል ማለት ነው፣ ነጥቡ የታየው ሸተሩ ተዘግቶ እያለ ከሆነ ኢንፍራሬዱን መርምሩ፣ ሌዘሩ በበራባት ቅጽበት ከሆነ ፍጥነቱን፣ በጎን ስታዘነብሉ ብቻ ከሆነ የኮሌስቴሪኩን ባንድ። ውዱ ካሜራ የሚገባው ሁለቱ ጨለማ ምስሎች ያለ ልዩነት ሲወጡ ነው፣ ይህንኑ ማወዳደርም በየጊዜው ድገሙት ምክንያቱም የሴሉ ጠርዝ ከላላ አየር ይገባና ከዳር ጀምሮ ማሾለክ ይጀምራል።